ያለ ድምፅ መጸለይ

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብቶ ጉሮሮዬን አየው። በግራ በኩል፣ የድምፅ አውታሬ ላይ፣ ምስር የምታህል ነገር በቅላለች። «እናነሣታለን፤ ከዚያ ላቦራቶሪ ትሄዳለች» አለኝ። ለምን ላቦራቶሪ እንደምትሄድ አልጠየቅኩትም። እሱም አላብራራልኝም። ሁለታችንም ገብቶናል።

ቀጥሎ ሌላ ዱብ ዕዳ አመጣ።

«ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሦስት ሳምንት አንዲት ቃል አይናገሩም።»

«በሹክሹክታስ?»

«ሹክሹክታ ከጩኸት ይብሳል።»

ይኼንን የሚለው ለእኔ ነው! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ተርሚናሉ ድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት ስናገር ለኖርኩት፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ የጸሎት ቡድናችንን ለምመራው። «አንቺ ስትጸልዪ ጣሪያው ይከፈታል» ይሉኛል።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ስለ ምስሯ ብቻ። ላቦራቶሪውን አላነሣሁበትም፤ ደም ግፊት አለበት። ዕድሜውን በጋራዥ ሲሠራ ግማሽ ጆሮውን ለሞተር ጩኸት ስለገበረ ሁለት ጊዜ ደገምኩለት።

«ሦስት ሳምንት ዝም?» አለ። «የሃያ ስምንት ዓመት ጸሎቴ ተሰማ በያ!»

እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በኋላ ሳስበው ግን ትንሽ ቆጠቆጠኝ።

ከሐኪም ቤት ስመለስ ነው ይህን ደብተር የገዛሁት። ምላሴ ሲታሰር እጄ እንኳ ይናገር።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ማይክራፎኑ ጋ የመጨረሻ ቀኔ። የተርሚናሉ ኃላፊ ትኬት ቆራጯን ልጅ በቦታዬ እንደሚያስቀምጥ ነገረኝ። «ለጊዜው ነው» አለ። «ለጊዜው»ን አውቃታለሁ። እኔም የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ለጊዜው ነው የገባሁት።

ልጅቷን አለማመድኳት። ትፈጥናለች። «ቀስ በዪ፤ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ነው የሚሰማሽ» አልኳት። «እሺ እትዬ» ብላ ትንሽ አመነታችና፣ «ልጅዎ እንዴት ናት? ድሮ እዚህ ትመጣ ነበር እኮ» አለችኝ።

ደህና ናት አልኳት።

ካየኋት ሰባት ወር ሊሞላ ነው።

ሰኔ 7፣ ዓርብ

የጸሎት ቡድኑ ጸለየልኝ፤ ሁሉም እጃቸውን ጫኑብኝ። ሰብሳቢያችን፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፣ «እህቴ፣ ድምፅሽ ሳይታሰር አንዴ ምሪን» አሉኝ። ተነሥቼ መራሁ። እየተሰነጠቀም ቢሆን መጣልኝ። ለእያንዳንዱ በስሙ ጸለይኩ፤ ለታመመው፣ ሥራ ለፈታው፣ ቤቱ ለታወከበት። ልጄን አነሣሁና «ጌታ ሆይ፣ ልጄን…» ስል አንዲት ሴት ሳለች፤ ሌላዋ ወንበሯን አንቀሳቀሰች።

ምን እንደነካቸው እንጃ። ሐሳቤ ስለተበተነ «አሜን» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ ዛሬም ጋራዥ ሄደ። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደሚጠግን እሱ ይወቅ። ምሳ ዕቃውን ለሁለት ሰው በሚበቃ ነው የምሞላለት፤ ሙልጭ ብሎ ነው የሚመለሰው። ድሮ እንዲህ አይበላም ነበር። ሥራ መፍታት ሆድ ያሰፋል መሰለኝ።

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ቀዶ ጥገናው ነገ ነው። ባለቤቴ «ለልጅቷ ልንገራት?» አለኝ። «ከፈለገች ራሷ ትጠይቅ» አልኩት። የጫማዬን ማሰሪያ ሲያስር ቆየ፤ ማሰሪያው ግን ቀድሞም ታስሮ ነበር።

ጌታ ሆይ፣ በእጅህ ነኝ። ይህችን ድምፅ አንተ ነህ የሰጠኸኝ። አንተን ሳገለግልባት ኖሬያለሁ። አሁን ብትወስዳት ማን ይጎዳል? (ይህ መቼም ጸሎት ሳይሆን ማስፈራሪያ ነው የሚመስለው። ይሁን፤ ቀኑ መሽቷል።)

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

አለፈ። ጉሮሮ እንደ ፍም። ውሃ በማንኪያ። መናገር የለም። ማሳልም የለም። ነርሷ «ጎበዝ» አለችኝ፤ እንደ ሕፃን።

ተመስገን።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ቤታችን ኮሜዲ ሆኗል። እኔ መናገር አልችልም፤ እሱ በደንብ አይሰማም። በወረቀት እጽፍለታለሁ፤ መነጽሩን ያጣዋል። መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ በምልክት አሳየዋለሁ፤ ራሴን ያመመኝ ይመስለውና ኪኒን ያመጣልኛል። ዛሬ «ጋዙን አጥፋው» ብዬ ጽፌ ሳውለበልብለት ልብሴን የማሳየው መስሎት «አምሮብሻል እኔ ምን አልኩ» አለኝ። ሳቅ የተከለከለ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው።

ቡድኑ ያለ እኔ ነው የተሰበሰበው። ማን እንደመራ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ምን ሊረባኝ?

ሰኔ 16፣ እሑድ

ሰው ዝም ሲል ደንቆሮ የሆነ ይመስላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች፣ ጆሮዬ ሥር፦

«ድምፅ አታወጪ ተብላለች አሉ።»

«ምነው ቀደም ብሎ በሆነ። ያቺ ልጅ ከሥራዋ አትወጣም ነበር።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። አንደኛዋ ፈገግ ብላ ጉንጬን ሳመችኝና «እግዚአብሔር ይማርሽ እናቴ» አለችኝ፤ ጮክ አድርጋ።

የሰው አፍ! ልጄን ከሥራ ያስወጣኋት እኔ ነኝ እንዴ?

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ነቃሁ፤ ባለቤቴ ተኝቷል። የእሑዱ ወሬ አልለቅ ስላለኝ፣ እንዴት እንደነበረ በሥርዓቱ ልጻፈው። እውነቱ የኔ ወገን እንደሆነ ሲጻፍ ይታያል።

ልጄ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። ጥቅምት ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ሳህን ሳጥብ እሷ ስታደርቅ፣ «እማዬ፣ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ» አለችኝ። ከብዙ ወር ጀምሮ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ዳገት ሆኖባት ነበር። ሕፃናቱ ፊት እየሳቀች መጸዳጃ ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር። ሐኪም አየች፤ የመንፈስ ጭንቀት ነው አላት፤ መድኃኒት ጀመረች። «አሁን እየተሻለኝ ነው፤ እንዳትፈሪ» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ሳህኑን በደረቷ ይዛው ነበር፤ ደርቆ ካለቀ በኋላም ታብሰዋለች።

እናት ነኝ፤ ፈራሁ። በዚያው ዓርብ ቡድኑ ፊት ቆሜ አነሣኋት። «ጌታ ሆይ፣ የልጄን አእምሮ ጠብቅልኝ፤ ከዚህ ኪኒን አውጣልኝ» አልኩ። አለቀስኩ። ሃያ ሰው አብሮኝ አለቀሰ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የጸለይኩ አይመስለኝም። ሲያልቅ ሁሉም ተራ በተራ አቀፉኝ።

ከሃያዎቹ አንዷ የልጄ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። በሁለተኛው ሳምንት ወላጆች ርእሰ መምህሯ ቢሮ ገቡ። «አእምሮዋን ለታመመች ልጆቻችንን አንሰጥም» አሉ። ልጄን ከክፍል አውጥተው መጻሕፍት ማከማቻ አስቀመጧት። ወር ሳይሞላት ለቀቀች። የኛንም ቤት ለቀቀች። በር ላይ ቆማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለኔ ብለሽ ነው?»

እኔ ለሰው አልነገርኩም። ለእግዚአብሔር ነው የነገርኩት። ሰው ከሰማ የኔ ጥፋት ነው?

ይህን ዓረፍተ ነገር ሰባት ወር ስለው ኖሬያለሁ። ሲነገር ደስ ይል ነበር። ተጽፎ ሳየው ግን… ይህ እስክሪብቶ ጥሩ አይጽፍም።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

ቡድኑ አልሄድኩም፤ ደከመኝ አልኩ። መኝታ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ልጸልይ ሞከርኩ።

አልመጣልኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ። በሆዴ «የሰማይና የምድር ጌታ» ብዬ ጀመርኩና ቃሉ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ጮኸብኝ። ከፍ ዝቅ የማደርግበት ድምፅ የለም። «አሜን፣ አሜን» የሚል የለም። ሃሳቤ ወዲያው ወደ ጎመኑ፣ ወደ መብራቱ፣ ወደ ትኬት ቆራጯ ልጅ ሄደ። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ተነሣሁ።

ድምፅ ከሌለኝ መጸለይ አልችልም ማለት ነው? ታዲያ እስከዛሬ ለማን ነበር የምናገረው?

ነገም እቀመጣለሁ። እስኪመጣ እቀመጣለሁ። ግትር ነኝ፤ አባቴም እንዲህ ነበሩ።

ሰኔ 24፣ ሰኞ

ውጤቱን ልጠይቅ ሄድኩ። አልደረሰም። «አጠራጣሪ ስለሆነ ሌላ ምርመራ ይጨመርበት ተብሏል፤ አንድ ሳምንት ይታገሡ» አለችኝ፤ መስኮቱ ጋ ያለችው። አጠራጣሪ። እጄ ላይ ወረቀት ነበረኝ፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፋኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የመጣው። የተዋበ ቃል አልነበረውም። «ፈርቻለሁ» አልኩት በሆዴ። «ፈርቻለሁ፤ ልጄንም ማየት እፈልጋለሁ።» ያ ብቻ። ሦስት ፌርማታ ያን ብቻ ስል ሄድኩ፤ መውረጃዬም አለፈኝ።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ሰብሳቢያችን ሊጠይቁኝ መጡ። ባለቤቴ ጓሮ ቧንቧ እየጠገነ ነበር። ብቻዬን ተሸክሜው መዋል ስላቃተኝ በወረቀት ጻፍኩላቸው፦ «ካንሰር ሊሆን ይችላል። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። በእርስዎ ይቅር።» አነበቡና ወረቀቱን አጣጥፈው ደረታቸው ላይ ያዙት። «መቃብር ነኝ እህቴ» አሉኝ።

ቀለል አለኝ።

ሰኔ 28፣ ዓርብ



ቡድኑ «አንቺ ካልመጣሽ እኛ እንመጣለን» ብሎ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ተሰበሰበ። ሳሎኑ ሞላ። ባለቤቴ ወንበር ከጎረቤት ተውሶ አመጣና በሩ አጠገብ ቆመ። ሰብሳቢያችን እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጀመሩ፤ ቀስ እያሉ፣ ከዚያ ከፍ እያሉ፣ ልክ እንደኔ። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ባሪያህን ተመልከት!» አሜን። «ብቻዋን የተሸከመችውን አንተ ታያለህ!» አሜን። «ካንሰር የሚባለውን ስም ከዚህ ቤት አርቅ! ለባሏ እንኳ መንገር ያልቻለችውን ይህን ጭንቀት…»

አፌን ከፈትኩ። ምንም ማለት አልቻልኩም። ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ እንባቸው ይወርዳል፤ ከልባቸው ነው። ማን ያቋርጣቸዋል? በጸሎት መሃል «ዝም ይበሉ» ይባላል?

ባለቤቴ በርቀት አይሰማም። ይህን ግን ሰማ። ፊቱን አየሁት። ከዚያ ሌሎቹ አሜን ሲሉ እሱ ወጣ።

ሁሉም ሲሄዱ ጓሮ አገኘሁት። የተጠገነውን ቧንቧ እንደገና እየፈታ ነበር። ወረቀቴን አወጣሁ፤ በእጁ መለሰው።

«ከሃያ ሰው ኋላ ነው የሰማሁት» አለኝ። «ቤቴ ውስጥ። ቆሜ።»

አለቀስኩ፤ ያለ ድምፅ።

መፍቻውን አስቀመጠና «አሁን ገባሽ?» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ስለ ማን እንደሚናገር አልጠየቅኩትም።

ገባኝ።

ሰኔ 29፣ ቅዳሜ

ምሳ ዕቃውን ሞልቼ ሰጠሁትና ኮቴን ለበስኩ። አየኝ። «ጋራዥ አይደለም የምሄደው» አለ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አውቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ እኔም አላውቅም።

ልጄ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ነው የምትኖረው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥም ትሠራለች። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ላይ በደረጃ የተደረደሩ የሕፃናት መጻሕፍት። በሩን ከፍታ መጀመሪያ አባቷን አየች፤ ከዚያ እኔን። ከስታለች። ፊቷ ግን የተረጋጋ ነው።

«እስካሁንም መናገር አትችልም» አላት አባቷ።

«አባዬ ነግሮኛል» አለችኝ፤ ለእኔ። «የቀዶ ጥገናው ቀን እዚያ ነበርኩ። ኮሪደሩ ላይ። ስትወጪ ሄድኩ።»

ተቀመጥን። ወረቀቴን አውጥቼ «እኔ ግን ያን ቀን» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። አባቷ አየኝ። ሰረዝኩት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ዝም ስል ጊዜ እሷ ተናገረች። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ ነገር በመሃላችን ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አጋማሽ ላይ ወሬውን እኔ እነጥቃት ነበር።

«እማዬ፣ የከፋኝ መነገሩ አይደለም። ሰው ይነግራል፤ ሰው ነው። በጸሎት መሆኑ ነው። ሐሜት ቢሆን ‹ለምን አማሽኝ› እልሽ ነበር። አንቺ ግን እግዚአብሔርን ከፊትሽ አቁመሽ ነው ያወራሽው። ማን ደፍሮ ይናገርሻል? ለእግዚአብሔር ለመንገር ሃያ ሰው ያስፈልግ ነበር?»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦

«ከዚያ በኋላ መጸለይ አቃተኝ። የምለውን ሁሉ ሰው የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። በቅርቡ ነው ትንሽ ትንሽ የጀመርኩት።»

ይህ ነው የቆረጠኝ። ከሥራዋ መውጣቷ አይደለም። እኔ በልጄና በአምላኳ መሃል ገብቼ ቆሜ ነበር።

«ይቅር በዪኝ» ብዬ ጻፍኩላት። አነበበችው። መልሳ ሰጠችኝ።

«መናገር ስትችዪ በአፍሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ነገ ሐኪም። ባለቤቴ አብሮኝ ይሄዳል፤ የምደብቀው ነገር የለም። ከንጋት ጀምሮ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጸሎት አሁን አጭር ነው። ስትፈልግ ድምፄን ውሰድ፤ «ይቅር በዪኝ» የምልበትን ያህል ግን ተውልኝ። ባትተውልኝም እታመንሃለሁ፤ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ። በእግሬም ቢሆን።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ካንሰር አይደለም። ግን «መለወጥ የጀመሩ ሴሎች አሉ» አለ ሐኪሙ፤ በየሦስት ወሩ እታያለሁ። የሚቀጥለው መስከረም መጨረሻ። ለማይክራፎን ደግሞ አልሆንም። «በቀን አምስት ደቂቃ፣ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ እየጨመርን እናያለን። የድሮው ድምፅ ግን አይመለስም።»

ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። «ምን አለ?» አለኝ። ሐኪሙ ደገመለት።

«በሉ፣ ከአንድ እስከ ዐሥር ይቁጠሩ» አለኝ ሐኪሙ። «የመጀመሪያው ቃሌ ለሰው ቀጠሮ ተይዟል» ብዬ ጻፍኩለት። ሳቀና «ካልሰማሁ እንዴት አክማለሁ?» አለኝ። ምን ይደረጋል፤ ቆጠርኩ። ሦስት ሳምንት ያጠራቀምኩት ድምፅ «አንድ፣ ሁለት» ሆኖ ወጣ፤ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ። አምስት ላይ ስደርስ አለቀስኩ።

ከዚያ በቀጥታ ፎቶ ኮፒ ቤቱ። ስድስት ሰው ተሰልፏል፤ ሁለቱም ማሽኖች ይጮኻሉ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ባንኮኒው ጋ ቀርቤ «ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«ምን አልሽ?» አለች። ማሽኑ ነው።

«ይቅር በዪኝ፤ ያልሽኝን አወጣሁ። ለእግዚአብሔር ብዬ አልነበረም። ለራሴ ነበር።»

ማሽኑ በዚያው ወረቀት ጨረሰና ጸጥ አለ። ልጄ የወረቀት እሽግ ቀድዳ ማሽኑን ስትሞላ ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

«ሰማሁሽ» አለችኝ። «ቅዳሜ ከአባዬ ጋር ነዪ።»

አላቀፈችኝም። እኔም አልጠበቅኩም። (ጠብቄ ነበር።)

ልወጣ ስል መለስ ብዬ «ቡድኑ ፊት ጥፋቴን ልናገር እፈልጋለሁ። ልናገር?» አልኳት። አሰበች። «የኔን ሳትነኪ የራስሽን ተናገሪ» አለችኝ።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ቡድኑ ድምፄ መመለሱን ሰምቶ በጭብጨባ ተቀበለኝ። ሰብሳቢያችን «ምሪን!» አሉ። ቆምኩ።

«የዛሬው አምስት ደቂቃዬ ለዚህ ነው» አልኩ። «እዚህ ቆሜ የኔ ያልሆነ ነገር አውጥቻለሁ። ጸሎት ብዬው ነበር። ግማሹ ጸሎት ነበር፤ ግማሹ እንድታዝኑልኝ ነበር። እግዚአብሔር ብቻውን ቢሰማኝ አልበቃ ብሎኝ ነበር። አላመንኩትም ማለት ነው። ሌላ ጊዜ የሰው ምስጢር ከኔ አትሰሙም።»

ሰብሳቢያችን ቀላ አሉ። «ጸሎትን እንደ ወሬ ማየት ድፍረት ነው እህቴ» አሉኝ።

«የእርስዎን አላልኩም እትዬ። የራሴን ነው ያልኩት።»

ወደ መሬት አዩ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልጸለዩም።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ እስከ በር ሸኘችኝ። ታለቅስ ነበር። «እኔም ለርእሰ መምህሯ ‹እንጸልይላት› ብዬ ነው የነገርኳት» አለችኝ። «አብረን ሄደን እናስተካክለው?»

አዎ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ልጄን ልጠይቃት» አልኳት።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ጠየቅኳት። «አትሂዱ» አለች፤ ሳታመነታ። «ሁለታችሁም። የኔ ነገር ነው። ዝግጁ ስሆን እኔ እሄዳለሁ።»

«እኔ ምን ልሥራ ታዲያ?»

«ጸልዪልኛ» አለች። ከዚያ ሳቅ ብላ፣ «በሆድሽ።»

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ዛሬ ልወድቅ ነበር።

አውቶቡሱ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፈ፤ ሳላስበው ወረድኩ። በሩ ጋ ቆምኩ። ከውስጥ የክረምት ትምህርት ሕፃናት ይዘምራሉ። ርእሰ መምህሯን አውቃታለሁ፤ አምስት ደቂቃዬ አልተነካም፤ የምናገረውም ተሰናድቷል፤ ጥሩ ንግግር ነበር። ጣቴ ደወሉ ላይ ደረሰ።

እጄን መሰብሰብ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። «ልጄን ለአንተ ሰጥቻታለሁ ብያለሁ» አልኩት በሆዴ። «ሰጥቼ መልሼ ልነጥቅህ ነው የመጣሁት። መልሰኝ።» ዘበኛው በትንሿ መስኮት አየኝና «ማንን ፈልገው ነው እናቴ?» አለኝ።

«ማንንም» አልኩት።

እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ። በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላ የሚጎትተኝ ነገር ነበር። አልተመለስኩም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ማንም አላጨበጨበልኝም።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

ሥራ ተመለስኩ። ማይክራፎኑ የትኬት ቆራጯ ሆኗል፤ እኔ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ተመድቤያለሁ። ጃንጥላ፣ የግራ እግር ጫማ፣ አንድ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ጥርሱን ማን ረስቶ እንደሚወርድ ጉድ ነው።

ረፋዱ ላይ የልጅቷ ድምፅ ከጣሪያው መጣ። የጠራ፣ ያልቸኮለ። ቀናሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ «ጥሩ ነሽ» አልኳት። «ከኔ ትሻያለሽ» ልጨምር ፈልጌ ተውኩት፤ ቀስ በቀስ ነው።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

ልጄ ብቻዋን ርእሰ መምህሯ ዘንድ ሄዳ የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን ተቀብላ ተመለሰች። ከአባቷ ነው የሰማሁት። ምን ተባባሉ ብዬ አልጠየቅኩም። ጥያቄው እስከ እራት ድረስ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ምስሯ እንኳ እንዲህ አላስቸገረችኝም።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ

ትናንት ደወለች። «ነገ ሌላ ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርተውኛል። ብቻዬን መሄድ አልፈለግኩም» አለች። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ።

በአውቶቡሱ ውስጥ ሸሚዟን ሦስት ጊዜ አስተካከለች። ምክር መጣልኝ፤ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ዓይን ዓይናቸውን እዪ። ዋጥኩት። በሩ ላይ ስንደርስ እጄን ጨበጥ አድርጋ ገባች።

ከግቢው ውጭ አግዳሚ ወንበር ነበር። ተቀመጥኩ። አርባ ደቂቃ። እንድትቀጠር ለመንኩ፤ ከዚያ ያን ተውኩና እንዳትፈራ ለመንኩ፤ ከዚያ እሱንም ተውኩና ዝም ብዬ ከእርሱ ጋር ተቀመጥኩ። አንዲት ጎልማሳ ሴት አጠገቤ አረፍ ብላ «ሰው እየጠበቁ ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ ልጄን» አልኳት። ከሦስት ወር በፊት ቢሆን ታሪኩን ሁሉ ትሰማው ነበር።

ልጄ ወጣች። ፊቷን ላነብ ሞከርኩ፤ አልተነበበም። «እንሂድ» አለችኝ።

አውቶቡሱ ተጨናንቆ ነበር፤ ከኋላ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ አገኘን። ሦስት ያህል ፌርማታ ዝም ብለን ሄድን። ከዚያ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና ነገረችኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውን፤ ደግሞም ከዚያ የሚበልጥ ሌላ ነገር። «ለማንም እንዳትነግሪ» አላለችኝም።

ምን እንዳለችኝ እዚህም አልጽፈውም። ቤት ስገባ ባለቤቴ «እህሳ?» ብሎ ተቀበለኝ። «እሷ ስትፈልግ ትነግርሃለች» አልኩት። ቆም ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ኮቴን ተቀብሎ ሰቀለልኝ።

መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለእግዚአብሔር ነገርኩት። ለእርሱ ብቻ።